የጨርቁ ከተማ

ደጀን አፋፉ ላይ ነፋስ በር ይዘጋል፤
ከጓሮዬ በታች ገደሉ ይጀምራል።
ቁልቋሉ በተርታ ሽቅብ እየወጣ፣
እጁን እንዳነሣ ለምስክር የመጣ
ሰው ይመስላል ሁሉም፤ ዳኛ ነው የታጣ።

ከኋላዬ ጮቄ ጉሙን ተከናንቦ፣
ከፊቴ ገደሉ ወበቁን ሰብስቦ፣
እኔ መሀል ቆሜ ፎቶ አነሣለሁ፤
ስሜ አንለይ ሆኖ፣ ስንቱን ሸኝቻለሁ።

ግድግዳዬ ላይ ተሰቅሎ ያለ
አንድ ጨርቅ አለኝ፣ ከተማ ያዘለ።
በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ጠቅልዬ አመጣሁት፣
ከዶሮና ከበግ መሀል አስተኛሁት።
ተራራው ቀይ ነው፣ የድልህ ዓይነት ቀይ፤
ከተማው ነጭ ነው፤ ሰማዩ ሌላ ሰማይ።
ቤቱ እልፍ ነው፣ ግን አንድም በር የለም፤
ከፊት አንድ ቁልቋል ቆሟል ለዘላለም፤
ሠዓሊው ቸኩሎ ጥላ አልሰጠውም።

የደጀን ሰው ሁሉ እዚያ ከተማ ገብቷል፤
ሙሽራ ጉዞ ሳይሄድ ጫጉላውን ጨርሷል፤
አስረኛ ክፍሎቹ አንድ መነጽር ለስምንት
ተዋውሰው ገብተው ኮርተው ወጡበት፤
የወፍጮ ቤቱ ይግዛው፣ ዱቄቱን ሳያራግፍ፣
ተነሥቷል ቁልቋል አንገት ላይ እጁን ሲያሳርፍ።

ቅዳሜ ከኩራር፣ ሌሊት ተነሥታ፣
ያንን ሁሉ ዳገት በእግሯ ወጥታ፣
ሙጪት በሬን ገፋች፣ በትሯን ደጅ ትታ።
«አራት ጉርድ ፎቶ፣ ለመሬት ደብተሬ፤
አንድ ሙሉ ቁመት፣ ለራሴ፣ ለክብሬ።»
እጇ ነጫጭ ነበር፤ የቁልቋል ወተት ደርቆ፣
ላብ አለዝቦት ደግሞ ከጣቷ ተጣብቆ፤
ትናንት ስታጥር ነው የዋለችው፣
ጎረቤት ወሰኗን ገፍቶባት፣ ተሳልቆ።

ጨርቁን አየችና፣ «ይህ የማን ቀዬ ነው?
ጭስ የማይወጣበት፣ ሰው ምን በልቶ ኖረው?
ይህንስ ቁልቋል ለምን ብቻውን ገተሩት?
አጥርም አይደል፣ መቃብርም የለበት።
ወተትስ አለው ወይ? የወንድሜን አንድ ዓይን
ያጠፋው ይህ ነበር፣ ሲቆርጥ ጎንበስ ብሎ ግንዱን።»

አፈርኩ።
የጓሮዬን በር ወለል አደረግሁት፤
ወበቁ ዘው አለ፣ እንግዳ ይመስል።
«ይኸው እውነተኛው፤ ገደሉም፣ ቁልቋሉም።
እዚህ ጋ ላንሣሽ» አልኳት።

ሙጪት ሳቀች፤ ጉልበቷን ይዛ ነው የሳቀችው።
«ልጄ፣ ያንን ገደልማ እኔ አውቀዋለሁ፤
ድንጋዩን በጉልበቴ ቆጥሬ ጨርሻለሁ።
እሱም ያውቀኛል፣ ሳረግዝ፣ ስወልድ፣ ስቀብር፤
ምን ፎቶ ያሻናል፣ ዕድሜ ልክ ስንተያይ ስንኖር?
ዛሬ ግን ዳገት የሌለው አገር ልቁም፤
ውሃ ቅጂ የማይለኝ፣ ስሜን የማያውቅም።
አንዴ እዚያ ቤት ደጅ ላይ ጎኔን ላስደግፍ፣
ዳገቱ ሳይሰማኝ ቀስ ብዬ ልረፍ።»

ቆመች። እጇን ከቁልቋሉ ግንድ ላይ ጣለች።
ትከሻዋ ወረደ፤ ዓይኗን ጨፈነች።
«ዓይንሽን ግለጪ እንጂ» ብላት፣
«ቆይ፣ ገና መድረሴ ነው» አለች።

በሳምንቱ መጥታ፣ ከመቀነቷ ብር ፈታ፣
ፎቶዋን በቅጠል ጠቅልላ ወረደች፤
ከዚያ በኋላ አላየኋትም።

ስንት ክረምት አለፈ። ቀዩ ተራራ ለቀቀ፤
ነጩ ቤት እንደ ጥርስ ወየበ።
አሁን ሰው ሁሉ በስልኩ ራሱን ያነሣል፤
ከገደሉ አፋፍ ቆሞ፣ ጀርባውን ለዓባይ ሰጥቶ።
ትናንት ወንበር ላይ ወጥቼ ሚስማሩን ነቀልኩ፤
ጨርቁ አቧራውን ፊቴ ላይ ተንፍሶ ወደቀ።
ልጠቀልለው ጎንበስ ስል
ያ ጥላ የሌለው ቁልቋል፣ ግንዱ ላይ፣
አምስት ጣት አየሁ፤
ጠቁሯል፤ ሙጫ ሆኗል፤
ዝንብ አንድ ክንፏን ትታበታለች።

ነካሁት።
ዛሬም ይይዛል።
ሳላስበው፣
እጄን ከዓይኔ አራቅሁ።